ከጓሮ ኑግ እስከ ዘይት ጠርሙስ፦ ለጅማ ቤቶች

ጅማ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቡና ነው። ቀጥሎ ጎመን፣ በቆሎና አቮካዶ። ዘይት ግን ከሱቅ ብቻ የሚመጣ ነገር ሆኖብናል። እሱም አብዛኛው ከውጭ የገባ የፓልም ዘይት ነው። ኑግና ጎመን ዘር ደግሞ የዚሁ አገር ተክሎች ናቸው። የጅማን ዝናብና አፈር ይችሉታል። ከትንሽ ጓሮ የሚገኘው ዘይት የዓመት ፍጆታችሁን አይሸፍንም። ነገር ግን ምን እንደገባበት የምታውቁት፣ ትኩስና ሽታው ደስ የሚል ዘይት ነው። እኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ። ዘይት የሚሰጥ ዘር ሁሉ ለአፍ አይሆንም። ኑግ ለወጥ ነው። ጎመን ዘር ለምጣድ ነው። ተልባ እሳት አይወድም። ጉሎ ደግሞ ከማዕድ ቤት መራቅ አለበት። ይህን ሳይለዩ ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ አደጋ አለው። ስለዚህ በየተራ እንሂድ። ረዘም የምለው ስለ ኑግ ነው።

መሬትና ወቅት

ኑግ አገራችን ውስጥ በደንብ የሚበቅለው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,200 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ጅማ ከተማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልክ ቦታው ነው ማለት ነው።

ኑግ መሬት አይመርጥም። ሌላውን ሰብል የሚያቃጥለውን፣ ውሃ የሚቋጥረውን መሬት እንኳ ይችላል። በቦዬና በአዌቱ ዳር እንዳለው ዓይነት ረግረግ የሚል ቦታ ላይ በቆሎው ቢጫ ሲሆን ኑግ ቆሞ ይታያል። አንድ ነገር ግን የግድ ይፈልጋል፤ ፀሐይ። ቡና ጥላ ሥር አትዝሩት። ቅጠሉ ይረዝማል፣ ፍሬ አይዝም።

ፍግና ማዳበሪያም አታብዙበት። በጣም የለማ መሬት ላይ ቁመቱ ይንጠራራና ይተኛል። አምና ጎመን የነበረበት መደብ ካለ ያ ብቻ ይበቃዋል። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ላይ ሌላ እህል ዝሩ። ከኑግ በኋላ የሚዘራ እህል እንደሚያምር ገበሬው ጠንቅቆ ያውቃል።

የሚዘራው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። ዘር ስትፈልጉ አባት ኑግ የሚባለውን ጠይቁ። ረጅሙን ክረምት የሚጠቀም፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሚደርስ ነው። መስኖ ኑግ የሚባለውም አለ። እሱ መስከረም ላይ የሚዘራ፣ ውርጭ የሚችል የደጋ ዓይነት ነው። ለከተማዋ አባት ኑጉ ይሻላል። ምክር ከፈለጋችሁ የወረዳችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ፤ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከልም ሩቅ አይደለም።

አዘራር

ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ዘር ከ5 እስከ 10 ኪሎ ነው። 10 በ10 ሜትር ለሆነች ቁራጭ ሲሰላ ከ50 እስከ 100 ግራም ይሆናል። በእጅ ሲያዝ ምንም አይመስልም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያነሰ ይመስለውና ይጨምራል። ከዚያ ተክሉ ተጨናንቆ ቀጭንና ረጅም ይሆናል፣ ነፋስ ሲመጣ ይወድቃል።

መፍትሔው ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ወይም ከተነፋ አፈር ጋር መቀላቀል ነው። አንድ እጅ ዘር፣ አራት አምስት እጅ አሸዋ። ከዚያ በመስመር ከሆነ 30 ሳንቲ ሜትር እያራራቃችሁ በተኑት። ላዩን በቅርንጫፍ ወይም በሬክ ቀለል አድርጋችሁ አልብሱት። ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተቀበረ ለመውጣት ይቸገራል።

ከበቀለ ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ አንዴ በደንብ አርሙት። በጣም የተጠጋጋውንም አሳሱ። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ አረሙን ይጫነዋል።

አንድ ክፉ ጠላት አለው። ቅጠል የሌለው፣ እንደ ክር ቀጭን፣ ቢጫ ሆኖ ተክሉ ላይ የሚጠመጠም ጥገኛ አረም ነው። ካያችሁት ክሩን ብቻ አትንቀሉ። ከተጠመጠመበት ኑግ ጋር ነቅላችሁ፣ ሳያብብ አቃጥሉት። አንድ ቁራጭ ከቀረ እንደገና ይነሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ንጹሕ ካልሆነ ዘር ጋር ነው። ስለዚህ ዘሩን ስትገዙ አበጥራችሁ እዩት።

አበባና ንብ

ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ማሳው ቢጫ ይለብሳል። ኑግ ራሱን በራሱ አያዳቅልም። የአንዱ ተክል አበባ ፍሬ የሚይዘው ከሌላ ተክል የመጣ ብናኝ ሲያገኝ ነው። ያን የሚያመጣው በዋናነት ንብ ነው። ስለዚህ አምስት ስድስት ተክል ብቻ አጥር ሥር ተክሎ ብዙ ፍሬ መጠበቅ ከንቱ ነው። ሰብሰብ ብሎ መዘራት አለበት።

የጅማ ሰው ዛፍ ላይ ቀፎ መስቀል ያውቅበታል። ጎረቤት ቀፎ ካለው እናንተም እሱም ትጠቀማላችሁ፤ የኑግ አበባ ማር ይሰጣል። በዚህ ወቅት ግን ጓሮ ውስጥ ምንም ዓይነት ፀረ ተባይ አትርጩ። ጎመኑ ላይ የምትረጩት መድኃኒት ኑጉ ላይ ያለችውን ንብ ይገድላል። ንቧ ከሞተች ቢጫ አበባ ብቻ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

አጨዳ

ቅጠሉ ሲደርቅና የአበባው ራስ ከቢጫ ወደ ቡናማ ሲቀየር ጊዜው ደርሷል። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አትጠብቁ። ይረግፋል። የሚታጨደው በማለዳ፣ ጤዛ ሳይለቅ ነው። እርጥበቱ ፍሬውን ይይዘዋል።

እዚህ ላይ የጅማ ችግር አለ። የኑግ አጨዳ ከቡና ለቀማ ጋር ይጋጫል። ሁሉም ሰው ቡናው ላይ ነው፤ ኑጉ ቆሞ ይረግፋል። ትንሽ ማሳ ከሆነ ሁለት ሰው በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል። ቀኑን አስቀድማችሁ ያዙለት።

የታጨደውን ራሱን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ እርስ በርሱ አስደግፋችሁ አንድ ሳምንት ገደማ አቁሙት። ሲደርቅ ሸራ ዘርግታችሁ በዱላ ውቁት። የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ልታሰጡት ካሰባችሁ ሁለት ነገር አትርሱ። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ በወንፊቱ ይፈስሳል፤ ሥሩ ጨርቅ ይኑር። ደግሞ እርጥብ ቡና ካለበት አጠገብ አይሁን። ዘይት ያለው ዘር ሽታ ቶሎ ይስባል።

በተለመደው አሠራር ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ከ3 እስከ 5 ኩንታል ነው። ከእናንተ ቁራጭ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ጠብቁ።

ከገበያ ገዝቶ መጀመር

መሬት የሌለው ሰው በገበያ ኑግ መጀመር ይችላል። ሂርማታ ገበያ ስትወጡ ኑግ ያላቸውን እናቶች ፈልጉ። «እናቴ፣ የዘንድሮ ነው ወይስ የከረመ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩ ኑግ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው። በጥፍራችሁ ስትሰብሩት ውስጡ ነጭ ነው። ወረቀት ላይ ብትደፈጥጡት የዘይት ምልክት ይተዋል። እፍኝ ሙሉ ወስዳችሁ አሽትቱት። ሻጋታ ከሸተተ ዋጋው ቢረክስም ተዉት። የጅማ እርጥበት ዘርን ቶሎ ያሻግታል፤ ሻጋታ የያዘውን ደግሞ መቁላት አያድነውም።

ዘይቱን ማውጣት

የኑግ ፍሬ 40 በመቶ ገደማ ዘይት አለው። ከ1 ኪሎ ውስጥ 400 ግራም እንደማለት ነው። በቤት ዘዴ ሁሉንም አታወጡትም። ግማሹን ካገኛችሁ ጥሩ ሠርታችኋል። መጀመሪያ በ1 ኪሎ ተለማመዱ።

ማጽዳት። በሰፌድ አበጥሩ፣ ጠጠሩን አንቀርቅቡ፣ የቀረውን በእጅ ልቀሙ። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ይባላል። ሰሊጡ ቢወቀጥ ግድ የለም። የአረም ዘር ግን አብሮ መወቀጥ የለበትም። በተለይ አበባው ቢጫ፣ ቅጠሉ እሾሃማና ነጫጭ ሥር የተሣለበት፣ ሲሰበር ቢጫ ወተት የሚያወጣ አረም አለ። ፍሬው ጥቁርና ክብ ነው፤ ከጎመን ዘር ጋር በጣም ይመሳሰላል። ዘይት ውስጥ ከገባ ሰውነትን ያሳብጣል፣ ልብን ይጎዳል። ሕንድ ውስጥ የሰናፍጭ ዘይት በዚህ አረም እየተበከለ ብዙ ሰው ታሟል፣ ሞቷልም። ይህን አረም ከማሳችሁ አጠገብ ካያችሁት ፍሬ ሳይዝ ንቀሉት።

ማመስ። በለስላሳ እሳት አመስ አመስ አድርጉት። እንደ ቡና እስኪጠቁር አይደለም። ሽታው ሲወጣና አንድ ሁለት ፍሬ ጠሽ ማለት ሲጀምር አውጡት። ማመሱ ዘይቱን ያላላዋል። ካረረ ግን ዘይቱ መራራ ይሆናል፤ የሚመልሰው ነገር የለም።

መውቀጥ። ገና ሞቅ እያለ በሙቀጫ ውቀጡት። የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ ካላችሁም ይሠራል፤ ጥቂት ጥቂቱን፣ እያረፋችሁ። ዱቄቱ መጣበቅ ሲጀምርና ዘነዘናው ላይ ሲያብረቀርቅ ልክ ነው። ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በደንብ ያልደቀቀ ኑግ ዘይቱን አይለቅም። ክንድ ሲደክም ተፈራረቁ፣ አትቁሙ።

ማሸት። የተወቀጠውን ሰፋ ያለ ድስት ውስጥ አድርጉ። በጣም የሞቀ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ በማማሰያ እሹት። አንዴ ብዙ ውሃ ከገባ ነጭ ወተት ይሆንና ዘይቱ አይለይም። ቀስ ብላችሁ ከሄዳችሁ ሊጡ ይጠጥራል፣ ያብረቀርቃል፣ ዳር ዳሩ ላይ ዘይት ያቁራል። በዚያ ጊዜ ድስቱን አጋድላችሁ ያቆረውን ቅዱ። ይሄ የመጀመሪያውና ምርጡ ዘይት ነው።

መቀቀል። የቀረው ሊጥ ላይ 2 ወይም 3 ሊትር የፈላ ውሃና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ጨው ዘይትና ውሃ እንዲለያዩ ይረዳል። እሳቱን ቀንሱ። ሲንተከተክ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። አታማስሉት። ከዚያ አውርዳችሁ አስክኑት። ዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል። በጭልፋ ላይ ላዩን ብቻ ግፈፉ። ትንሽ ውሃ አብሮ ቢመጣ አትጨነቁ።

ማድረቅ። ሰው በብዛት የሚዘለው ይህን ነው። የቀዳችሁትን ዘይት በሙሉ ትንሽ ድስት ውስጥ አድርጋችሁ በዝግታ አሙቁት። ውሃው እየተንጣጣ ይወጣል። መንጣጣቱ ጸጥ ሲል ውሃው አልቋል፤ ያኔውኑ አውርዱት። እስኪጨስ አትጠብቁ። ውሃ የቀረበት ዘይት በጥቂት ቀን ይበላሻል።

ማጥለል። ሲበርድ በንጹሕ ስስ ጨርቅ አጥልሉት። ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጥ። አተላው ሲዘቅጥ ላዩን ወደ ሌላ ደረቅ ጠርሙስ ገልብጡ።

የኑግ ዘይት ከሰባ በመቶ በላይ ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ለጤና ተስማሚ የሆነ ቅባት ነው፤ ግን ብርሃንና አየር ያበላሸዋል። ጠርሙሱ ጥቁር ወይም በወረቀት የተጠቀለለ ይሁን። እስከ አፉ ሙሉት። ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት። ሽንኩርት ለማቁላላት በጣም ይጥማል። ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ደጋግሞ ለመጥበስ ግን አይመከርም። አንድ ዓመት የሚበቃ ዘይት በአንዴ ከማውጣት ፍሬውን አስቀምጦ በየሁለት ወሩ ትንሽ ትንሽ ማውጣት ይሻላል።

ከድስቱ የቀረው አተላ ለከብት ይሆናል። እርጥብ ስለሆነ በዕለቱ ስጡ። የሻገተ ፋጉሎም (ዘሩ በማሽን ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ሆነ አተላ ለምትታለብ ላም አትስጡ። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን በወተት በኩል ወደ ልጆቻችሁ ይመጣል።

መጭመቂያ ማሽን ጋ ስትሄዱ

ዘሩ ከበዛ በእጅ መልፋት አያስፈልግም። ጎረቤት ተሰባስቦ፣ በደቦ እንደሚሠራው፣ ኑጉን አንድ ላይ አድርጎ ወደ መጭመቂያ መውሰድ ይቻላል። እዚያ ስትደርሱ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ከኛ በፊት ምን ተጨመቀ?» ጎመን ዘር ከነበረ የመጀመሪያው ዘይት የናንተ ኑግ አይደለም። ለብቻው ተቀብላችሁ ለምጣድ አድርጉት። ጉሎ የሚጨመቅበት ማሽን ከሆነ ጭራሽ አታስጨምቁ። ፋጉሎውንም ይዛችሁ ተመለሱ። የናንተ ንብረት ነው፣ ጥሩ የከብት መኖ ነው።

ጎመን ዘር

ይሄ የተለየ ድካም የለውም። የሐበሻ ጎመን ጓሮአችሁ ውስጥ አለ። ቅጠሉን እየለቀማችሁ ብሉ። ጠንካራና ጤነኛ የሆኑትን ምረጡና ለዘር ተዉ። እምቡጥ ሲያወጡ ቅጠል መልቀም አቁሙ። ቅማል ከወረረው በሳሙና ውሃ እጠቡት። ቆባው ቢጫ ሲል፣ ሳይፈነዳ፣ ከነግንዱ ቆርጣችሁ ሸራ ላይ አድርቁ።

ከዚህ ዘር ዘይት በኑግ መንገድ ይወጣል። ነገር ግን ከቅባቱ 40 በመቶ ያህሉ ኤሩሲክ አሲድ የሚባለው ነው። በብዛትና በየቀኑ ለመብላት አይሆንም። ቦታው ምጣድ ነው። እፍኝ ዘር ወቅጣችሁ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሩና የጋለውን ምጣድ አስሱበት። አዲስ የሸክላ ምጣድ ስታሟሹም እንዲሁ፦ አግሉ፣ በጎመን ዘር አስሱ፣ ጥቁርና ለስላሳ እስኪሆን ደጋግሙ። በችኮላ የተሟሸ ምጣድ እንጀራ ይይዛል።

ይሄው የጎመን ዘር እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳ ውስጥ አውሮፕላን አብርሯል። የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ፋልከን 20 ጄት ምንም ሌላ ነዳጅ ሳይቀላቀል ከጎመን ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ በረረ። ምጣድ ማሰሻችን ይሄን ያህል አቅም አለው። በጓሮአችን ሲፈነዳና መሬት ላይ ሲቀር ሳይ የምቆጨው ለዚህ ነው።

ፋጉሎው የሚያቃጥል ነገር ስላለው ለከብት በብዛት አይሰጥም።

ዱባና ተልባ በአጭሩ

የዱባ ፍሬ አትጣሉ። ታጥቦ፣ በጥላ ደርቆ፣ ተልጦ በኑግ ዘዴ ይሠራል። ዘይቱ ጥቂት ነው፤ ለሰላጣ ጥሩ ነው።

ተልባ ግን ዘይቱን ባታወጡ እመርጣለሁ። ግማሽ ያህሉ ኦሜጋ 3 ነው፣ ከኑግም በላይ ቶሎ ይበላሻል። አመስ አድርጎ ወቅጦ በዕለቱ በጥብጦ መጠጣት ይሻላል።

ጉሎ

ጉሎ በየአጥሩ ይበቅላል። ዘይቱ ለቆዳ ማለስለሻ፣ በፋብሪካም ለብዙ ነገር ይውላል። ፍሬው ውስጥ ግን ራይሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አለ። ጥቂት ፍሬ ያኘከ ልጅ ሊሞት ይችላል። ቤት ውስጥ አትውቀጡት፣ ዱቄቱን አታብኑ፣ የቀረውን ለከብት አትስጡ። ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ያለውን ጉሎ ፍሬ ሳይዝ ቁረጡ። የዋጠ ሰው ካለ ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል።

የከረመ ዘይት

የቀለም ሽታ የሚሸት የኑግ ወይም የተልባ ዘይት ለምግብ አልቋል። ለእንጨት ግን ይሆናል። በተለይ የተልባ ዘይት አየር ሲነካው ስለሚደርቅ እንጨትን ይጠብቃል። ቤታችሁ ያለውን በርጩማ አቧራውን ጥረጉና በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ አንሱ። ሁለት ሦስት ቀን ይድረቅ፣ ከዚያ ድገሙት። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት። እንዲህ ያለ ዘይት የነካው ጨርቅ ሲከመር በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ውሃ ውስጥ ነክሩት፣ ወይም ውጭ ዘርግታችሁ እስኪደርቅ ተዉት።